ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ የቆየ ላፕቶፕን እንዳለ ወደ አዲስ ኤስኤስዲ ማዛወር

ላፕቶፕ አርጅቶ መንቀራፈፍ ሲጀምር ጥገና ቤት የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»። ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውሱ ይታደሳል። አብሮት ግን ብዙ ነገር ይሄዳል። ሲዲው የት እንደገባ የማይታወቀው የሒሳብ ፕሮግራም፣ ፒችትሪ፣ ይሄዳል። ከዓመታት በፊት የተጫነው የአማርኛ መጻፊያ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ይሄዳል። የፕሪንተሩ ድራይቨር፣ ብራውዘሩ የያዛቸው የይለፍ ቃሎች፣ ዴስክቶፑ ላይ የተከመረው ሁሉ ይሄዳል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ማሽኑ ወደ ድሮ ጠባዩ ይመለሳል፤ ዲስኩ ያው የድሮው ነውና።

የኔ ምክር ሌላ ነው። ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹንና ፋይሎቹን እንዳሉ አዲስ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ገልብጡ። ከዚያ አሮጌውን ዲስክ አውጥታችሁ አዲሱን አስገቡ። ኮምፒውተሩ ሲበራ የምታውቁት ዴስክቶፕ ይመጣል፤ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ሥራው ክሎን ማድረግ ይባላል። ግማሽ ቀን ካላችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ ትጨርሱታላችሁ። ደግሞ አሮጌው ዲስክ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። መሃል ላይ የሆነ ነገር ቢበላሽ አሮጌውን መልሶ መክተት ነው። ይህ የሚሠራው ግን አንድ ቦታ ላይ ከተጠነቀቃችሁ ብቻ ነው፤ እሱን ስደርስበት ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የዲስኩ መሆኑን አረጋግጡ

ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ገጽ ተመልከቱ። ሲፒዩው 15 ወይም 20 ከመቶ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 ከመቶ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ፣ ሁሉም የሚጠብቀው ዲስኩን ነው። ሜሞሪውም 90 ከመቶ ካለፈ ግን ራምም ያስፈልጋችኋል። 4 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ላይ ኤስኤስዲ ብቻ ማስገባት ግማሽ መፍትሔ ነው። ከተቻለ ራሙን 8 ጊጋ አድርጉት።

ዲስኩ ለምን እንዲህ ያስቸግራል? የቆየ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው። የሚያነብበው ጫፍ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለመድረስ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን በሰከንድ ማንበብ የሚችለው መቶ ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚፈልገው በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ነው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። በሰከንድ በሺዎችና በአሥር ሺዎች ጊዜ ያነባል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ይህ ነው፤ ሲፒዩው የ10 ዓመት ዕድሜ ቢኖረውም እንኳ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ክሎን የማልመክርባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ማሽኑ በቫይረስ ከታመሰ፣ ቫይረሱንም ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ዊንዶውሱ ራሱ በየቀኑ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ከሆነም እንደዚያው። እነዚህ ላይ ፋይሉን አውጥቶ አዲስ ዊንዶውስ መጫን ይሻላል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ለኤስኤስዲ አልተሠራም፤ እሱን ተዉት። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ያሉት ችግር የለባቸውም። ሆኖም አንድ ነገር እወቁ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ በጃንዋሪ 2020፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 2025 አቁሟል። ክሎን ይህን አይለውጠውም። ያለውን እንዳለ ነው የሚያዛውረው።

የአሮጌውን ዲስክ ጤና እዩ

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለ። ጭናችሁ ክፈቱት። ዲስኩ ሰማያዊ ከሆነና «ጉድ» ካለ ቀጥሉ። ቢጫ ሆኖ «ኮሽን» ካለ ሦስት መስመሮችን ፈልጉ። 05 የሚለው፣ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። ሲ5 የሚለው፣ ዲስኩ ማንበብ አቅቶት በይደር የያዛቸውን ይቆጥራል። ሲ6 ጨርሶ ሊነበቡ ያልቻሉትን ነው። በቀኝ በኩል ያሉት ቁጥሮች ዜሮ ቢሆኑ ደስ ይላል። 05 ላይ ጥቂት ኖሮ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ አትደንግጡ፤ ግን አትዘግዩ። ሲ5 ላይ ቁጥር ካለና ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ነው። በዚህ ጊዜ ክሎኑን አቆዩት። መጀመሪያ የማይተኩትን ፋይሎች ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ።

«ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ ደግሞ ከዚህ መመሪያ ውጭ ነው። እሱን ባበራችሁት ቁጥር ይብስበታል። ውስጡ ያለው መረጃ በጣም የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ አጥፉትና ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ስጡት።

ግዢ፦ 480ና 500 እኩል አይደሉም

የቆዩ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የሚቀበሉት 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ነው፤ ሳታ የሚባለው ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበት የሶኬት ዓይነት ነው። እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነውን ኤም ዶት ቱ የሚባለውን ከመግዛታችሁ በፊት ማሽናችሁ ቦታው እንዳለው አረጋግጡ። ውፍረቱንም አስቡ። የድሮ ላፕቶፕ ዲስኮች ብዙዎቹ 9.5 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ኤስኤስዲ ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ይገባል፤ ግን ሊንቀሳቀስ ይችላል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀጭን ፕላስቲክ አብሮ ከመጣ አትጣሉት።

ብዙ ሰው የሚሸወደው መጠን ላይ ነው። አሮጌው ዲስክ 500 ጊጋ ሆኖ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ ከገዛችሁ፣ አዲሱ ከአሮጌው ያንሳል። «የተጠቀምኩት 150 ጊጋ ብቻ ነው» ማለት አያድንም፤ ብዙ ክሎን ማድረጊያዎች የሚያዩት የዲስኩን ሙሉ መጠን ነው። ለ500 ጊጋ ዲስክ ባለ 500 ወይም ባለ 512 ኤስኤስዲ ግዙ። ለ1 ቴራ ባለ 960 አትግዙ፤ ባለ 1 ቴራ ይሁን። በ500 እና በ500 መካከልም ጥቂት ልዩነት ሊኖር ስለሚችል 512 ካገኛችሁ እሱን እመርጣለሁ። ትንሹን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ እንደ ሳምሰንግ፣ ክሩሻልና ዌስተርን ዲጂታል ያሉት አምራቾች ለራሳቸው ዲስክ ገዢዎች የሚሰጡት ነጻ የማዛወሪያ ፕሮግራም አለ፤ እነዚህ ፓርቲሽኑን (ዲስኩ የተከፋፈለበትን ክፍል) አጥብበው ይገለብጣሉ።

ዋጋው ከገበያው እጅግ የወረደ «2 ቴራ» ኤስኤስዲ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። በውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ይዞ ለኮምፒውተሩ ግን ትልቅ ነኝ ብሎ የሚናገር ፎርጅድ ዕቃ አለ። መጀመሪያ ላይ ይሠራል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ፋይሎቹን ማበላሸት ይጀምራል። ጥርጣሬ ካላችሁ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፈትኑት። ዲስኩን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ያነባል፤ የጻፈውና ያነበበው ካልተገጣጠመ ይነግራችኋል። ይህን የምታደርጉት ከክሎኑ በፊት፣ መመለስ በምትችሉበት ቀን ነው።

ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል፣ 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ባዶ ፍላሽና ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ነው። ኬብሉን ዩኤስቢ 3 አድርጉት። ላፕቶፓችሁ ላይ ውስጡ ሰማያዊ የሆነ ዩኤስቢ ካለ እዚያ ሰኩት። በዩኤስቢ 2 በሰከንድ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚያልፈው። 200 ጊጋ ለመገልበጥ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። በዩኤስቢ 3 ግን ገደቡ የአሮጌው ዲስክ የራሱ ፍጥነት ስለሚሆን ግማሹን ጊዜ እንኳ ላይፈጅ ይችላል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ይህ ኬብል አያስፈልግም። አዲሱን ዲስክ በውስጥ ካሉት የሳታ ሶኬቶች በአንዱ ሰክታችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን ታሠራላችሁ።

ዝግጅት ዊንዶውሱ ውስጥ

መጀመሪያ ባክአፕ። ፎቶ፣ ሰነድ፣ የሒሳብ ፋይል፣ ሌላ ቦታ የሌለውን ነገር ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ወይም ፍላሽ ቅዱ። ፒችትሪ የምትጠቀሙ ፎልደሩን ከመገልበጥ በተጨማሪ ከራሱ ከፕሮግራሙ «ፋይል» ውስጥ ገብታችሁ «ባክአፕ» አድርጉ። እያንዳንዱ ካምፓኒ ለየብቻው ነው፤ አንዱን አድርጎ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ጽዳት። ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጉ። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ የተከማቸውን ፊልምና የማያስፈልግ ፋይል አጥፉ። ክሎኑ የሚገለብጠው የተያዘውን ቦታ ስለሆነ እዚህ ያጠፋችሁት እያንዳንዱ ጊጋ ጊዜ ይቆጥብላችኋል።

ከዚያ ዲስኩን አስመርምሩ። «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ሲ ድራይቭ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ቱልስ»፣ «ቼክ»። ስህተት ያለበት የፋይል ሥርዓት ክሎኑን መሃል ላይ ያስቆመዋል።

ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው ቢትሎከር ወይም «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» በርቶ እንደሆነ እዩ። ከበራ አጥፉትና እስኪጨርስ ጠብቁ። 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥርም ወረቀት ላይ ጻፉ። ብዙዎቹ የቆዩ የቤት ላፕቶፖች ላይ አይኖርም። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ማሽን ላይ ግን ሊኖር ይችላል።

መጨረሻ ላይ ዊንዶውሱን በትክክል ዝጉት። ዊንዶውስ 8ና ከዚያ በኋላ ያሉት «ሻት ዳውን» ስትሉ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም። በቀጣዩ ጊዜ ቶሎ ለመነሳት ከፊል ሥራቸውን ዲስኩ ላይ ያስቀምጣሉ። ክሎን ማድረጊያው ይህን ሲያይ «ዲስኩ በሥራ ላይ ነው» ብሎ ይቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሺፍትን እንደያዛችሁ «ሻት ዳውን» የሚለውን ተጫኑ። ያኔ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ግን ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ቀጣዩን ክፍል ጨርሱ፤ ፍላሹ የሚዘጋጀው ዊንዶውሱ ክፍት ሆኖ ነው።

ፍላሹን ማዘጋጀት

ለዚህ ሥራ የምመርጠው ሬስኪውዚላ የሚባለውን ነው። ነጻ ነው። ከፍላሽ ላይ ራሱ ስለሚነሳ ዊንዶውሱ ተኝቶ ሳለ ይገለብጠዋል። እያንዳንዱ እርምጃ በማውስ የሚሠራ ነው። ክሎንዚላ የሚባለው ታላቅ ወንድሙም አስተማማኝ ነው፤ ግን ስክሪኑ ጥቁር ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ አንዱን ዲስክ ከሌላው ማምታታት ይቀልላል።

ፋይሉ ከ1 ጊጋ በላይ ነው። ዳታ የሚቆጠርባችሁ ከሆነ ዋይፋይ ካለበት ቦታ አውርዱት። የሚወርደውም ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ይሁን። ወደ ፍላሹ እንዲሁ ኮፒ ቢያደርጉት አይነሳም። ባሌና ኤቸር የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ፋይሉን ምረጡ፣ ፍላሹን ምረጡ፣ «ፍላሽ» በሉት። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ።

አሁን ሺፍትን ይዛችሁ ኮምፒውተሩን ዝጉ። አዲሱን ኤስኤስዲ በኬብሉ ሰኩ። ፍላሹን ሰኩ። ሌላ የውጭ ዲስክ ካለ ንቀሉ፤ በተለይ ባክአፕ ያደረጋችሁበትን። ማሽኑን አብሩና የቡት ሜኑውን (ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ዝርዝር) ቁልፍ ወዲያው ደጋግማችሁ ተጫኑ። ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12 ነው። ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። አሱስ ላይ ኢስኬፕ። ኤሰር ላይም ኤፍ12 ነው፤ ግን መጀመሪያ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ በኤፍ2 ገብታችሁ ቡት ሜኑውን «ኢኔብል» ማድረግ ሊኖርባችሁ ይችላል። ከዝርዝሩ ፍላሹን ምረጡ።

ባዮስ ከገባችሁ አይቀር ሌላ ነገር አትንኩ። «ሌጋሲ» የሚለውን ወደ «ዩኢኤፍአይ»፣ ወይም «አይዲኢ» የሚለውን ወደ «ኤኤችሲአይ» መቀየር አሁን አይደለም፤ እነዚህ ማሽኑ የሚነሳበትና ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት የቆየና አዲስ መንገድ ናቸው። ዊንዶውሱ የተጫነበት ሁኔታ እንዳለ ይቆይ።

የሚያስፈራው እርምጃ

ሬስኪውዚላ ሲከፈት «ክሎን» የሚለውን ተጫኑ። መጀመሪያ ምንጩን፣ ማለትም አሮጌውን ዲስክ ይጠይቃል። ቀጥሎ መድረሻውን፣ ማለትም አዲሱን። ሁለቱን ካገላበጣችኋቸው ባዶው ዲስክ የተሞላው ላይ ይገለበጣል። የዓመታት ፋይል በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ከላይ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ ያልኩት ጥንቃቄ ይህ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ስህተት ሁሉ የሚስተካከል ነው።

ስለዚህ በ«ኤስዲኤ» እና በ«ኤስዲቢ» አትመኑ። እነዚህ ስሞች ዲስኮቹ የተገኙበት ቅደም ተከተል ናቸው እንጂ አሮጌና አዲስ ማለት አይደሉም። ማየት ያለባችሁ ሞዴሉን ነው። ሲጌት ዲስክ ሞዴሉ በ«ኤስቲ» ይጀምራል፤ ዌስተርን ዲጂታል በ«ደብሊውዲ»፤ ቶሺባ በ«ኤምኬ» ወይም በ«ኤምኪው»፤ የሂታቺ ላፕቶፕ ዲስክ በ«ኤችቲኤስ»። የአሮጌውን ሞዴል ከክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ የአዲሱን ከካርቶኑ ላይ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። በዩኤስቢ የተሰካው ዲስክ በራሱ ስም ፈንታ በኬብሉ ስም ሊታይ ይችላል፤ አትደናገሩ። ሌላም ማረጋገጫ አለ። አሮጌው ውስጥ ፓርቲሽኖች ይታያሉ፤ አዲሱ ባዶ ነው። መድረሻ ብላችሁ የመረጣችሁት ዲስክ ውስጥ በርካታ ፓርቲሽን ካያችሁ እጃችሁን ከማውሱ አንሡ።

ሰው አጠገባችሁ ካለ ወረቀቱን ስጡትና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ሁለት ዓይን ሲደክም አራቱ ያያል።

ፓርቲሽን ምረጡ ሲላችሁ ሁሉም እንደተመረጡ ይቆዩ። ትንንሾቹን «ምን ያደርጋሉ» ብላችሁ ከምርጫው እንዳታስወጡ፤ ዊንዶውሱ የሚነሳው ከእነሱ ነው። ዲስኩ ቢጫ ያሳየ ከነበረ የማይነበቡ ቦታዎችን እየዘለለ እንዲቀጥል የሚያደርገውን «ሬስኪው» የሚለውን ምርጫ አብሩ። ከዚያ አንድ ጊዜ በድጋሚ አንብቡና ቀጥሉ።

አሁን ሥራው የማሽኑ ነው። ቻርጀሩ ይሰካ። መብራት ድንገት ቢሄድ የላፕቶፑ ባትሪ ይይዘዋል። ባትሪው የሞተ ከሆነ ወይም ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ፈልጉ፤ ወይም መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ጀምሩ። ቢቋረጥም ግን ዓለም አልተደፋም። አሮጌው ዲስክ እየተነበበ ብቻ ስለነበር እንዳለ ነው። አዲሱ ላይ ያለውን ግማሽ ሥራ ረስታችሁ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። ኬብሉን ግን አትነካኩ፤ ክሎን ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የላላ ዩኤስቢ ነው።

መቀየር

ሲጨርስ ማሽኑን ዝጉ። ሁለቱም ዲስኮች እንደተሰኩ ዊንዶውስን አታስነሡ። ሁለቱ አሁን አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ስለያዙ ዊንዶውስ ይደናገራል፤ አንዱን ይዘጋዋል ወይም መለያውን ይቀይርበታል።

ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። ብረት የሆነ ነገር ነካ አድርጉ፤ እጃችሁ ላይ ያለው ስታቲክ እንዲሄድ። በብዙ የቆዩ የሥራ ላፕቶፖች ላይ ለዲስኩ ብቻ የሚሆን ትንሽ ክዳን ከሥር አለ፤ አንድ ወይም ሁለት ብሎን ብቻ ፈትታችሁ ትደርሱበታላችሁ። በአንዳንዱ ግን የሥሩ ክዳን በሙሉ ይነሣል። የብሎኖቹ ርዝመት ይለያያል፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካሰራችሁት የኪቦርዱን ጎን ወግቶ ሊወጣ ይችላል። ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሳሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ አስቀምጡ።

ዲስኩ በብረት ፍሬም ውስጥ ተቀምጧል። ወደ ጎን ጎትታችሁ ከሶኬቱ አላቅቁት እንጂ ወደ ላይ አትንጠቁት። የፍሬሙን አራት ብሎኖች ፍቱ፣ ኤስኤስዲውን በተመሳሳይ አቅጣጫ አስገቡ፣ መልሳችሁ እሰሩ። ከሶኬቱ ጋር ሲገናኝ ለስለስ ያለ መግጠም ይሰማችኋል። ካልገባ አትግፉ፤ ተገልብጦ ይሆናል።

ፍላሹን አውጥታችሁ አብሩት። ዊንዶውሱ ሲነሳ አዲስ ዕቃ እንዳገኘ ነግሯችሁ ሪስታርት ሊጠይቅ ይችላል፤ እሺ በሉት። «ቡት ዲቫይስ አልተገኘም» ካለ መጀመሪያ የሶኬቱን መግጠም እዩ። ቀጥሎ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የቡት ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፤ ዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለው አንደኛ ይሁን። ከዚህ ሁሉ በኋላም እምቢ ካለ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነሥታችሁ «ስታርትአፕ ሪፔር» አሠሩት። እስከዚያው ሥራ ካለባችሁ አሮጌውን ዲስክ መልሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ከተነሳ በኋላ የሚቀሩት

እንደተነሳ ዝም ብላችሁ አትዝጉት። ፒችትሪን ክፈቱና የመጨረሻውን ወር ሪፖርት አውጡ። የቆየ የአማርኛ ሰነድ ክፈቱ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የተጻፉ ሰነዶች በየፕሮግራሙ የራሱ ፎንት ነው የተጻፉት። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ክሎን ፎንቱንም አብሮ ስለሚያመጣ ጽሑፉ እንደ ድሮው መነበብ አለበት። ፕሪንት አድርጋችሁም ሞክሩ።

አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ትልቅ ከሆነ ትርፉ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቆያል። «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ ሲ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ኤክስቴንድ ቮሊዩም» ማለት ይበቃል፤ ይህ የሚሠራው ግን ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ በስተቀኝ ካለ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ መሃላቸው ትንሽ የሪከቨሪ ፓርቲሽን ይገባና ምርጫው ፈዞ ይታያል። ያኔ በሬስኪውዚላው ፍላሽ መልሳችሁ ተነሡ። ውስጡ ጂፓርትድ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሪከቨሪውን ወደ ቀኝ ጫፍ ግፉት፣ ከዚያ ሲን አስፉ፣ ከዚያ «አፕላይ»። ይህንንም መብራት በማያሰጋበት ሰዓት አድርጉት። ትርፉ 10 ወይም 12 ጊጋ ብቻ ከሆነ ግን ለዚያ ብላችሁ አትልፉ፤ ለኤስኤስዲ ትንሽ ባዶ ቦታ መተው አይጎዳም።

ቀጥሎ በዊንዶውሱ መፈለጊያ ላይ «ዲፍራግመንት» ብላችሁ የሚመጣውን ክፈቱ። ዲስኩ «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» ተብሎ መመዝገብ አለበት። እንዲህ ከሆነ ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ የጠፉትን ፋይሎች ቦታ ለኤስኤስዲው ያሳውቃል፤ እናንተ ዲፍራግ ማድረግ (የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮችን አንድ ቦታ መሰብሰብ) አይጠበቅባችሁም። እንደ ድሮው በየጊዜው ዲፍራግ የሚያደርግ ሌላ ፕሮግራም ጭናችሁ ከነበረ አጥፉት። ኤስኤስዲ ላይ ጥቅም የለውም፤ ዕድሜውን ብቻ ይቀንሳል።

ማሽኑ ባዮስ ውስጥ «አይዲኢ» ላይ ከነበረ አሁን መቀየር ትችላላችሁ፤ ግን ዘላችሁ አትቀይሩት፤ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ዊንዶውስ 10 ላይ መጀመሪያ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ውስጥ «ሴፍ ቡት» ምረጡ። ሪስታርት አድርጉና ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ «ኤኤችሲአይ» አድርጉት። ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ ሲነሳ ትክክለኛውን ድራይቨር ይይዛል። ከዚያ «ሴፍ ቡት» የሚለውን አጥፍታችሁ እንደገና አስነሡት።

አሮጌው ዲስክ ላይ የወጣበትን ቀን ጽፋችሁ ቢያንስ ለአንድ ወር ሳትነኩት አስቀምጡት። በዚህ ጊዜ ውስጥ የጎደለ ፋይል ወይም የማይሠራ ፕሮግራም ካለ ይታያል። ከወሩ በኋላ ጤነኛ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስክ ማቀፊያ ውስጥ ከትታችሁ ባክአፕ መያዣ አድርጉት። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፣ ኤስኤስዲ ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ አንድ ጠዋት ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ ከጠፋም ውስጡ ያለውን ማውጣት ይበልጥ ይከብዳል።

ዲስኩን ለሌላ ሰው የምትሰጡ ወይም የምትሸጡ ከሆነ «ክዊክ ፎርማት» አይበቃም፤ ፋይሎቹን መመለስ የሚችል ነጻ ፕሮግራም ሞልቷል። በቀኝ ክሊክ «ፎርማት» ስትሉ «ክዊክ ፎርማት» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሡ። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ዜሮ ይጽፋል። 500 ጊጋ ዲስክ በዩኤስቢ ላይ ሰዓታት ይወስዳል፤ ማታ አስጀምራችሁት ተኙ። ዲስኩ ላይ ሌላ ፓርቲሽን ካለ፣ ለምሳሌ ዲ ድራይቭ፣ እሱም ለብቻው እንዲሁ ይደረግ።